የደጋኑ ሰውዬ የማይወርሰው ቤት

እኔ ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም። ይህን ስል ከመካከላችሁ አንዱ ፈገግ ብሏል፤ ማን እንደሆነም አውቄዋለሁ።

ሥራዬ ደሴ ላይ ጓጉንቸር መሸጥ ነው። ሰው ሰውን ቢያምን ኖሮ እኔ ጦሜን አድር ነበር። ስለዚህ ጥርጣሬን በክፉ አታንሡብኝ፤ ሁለት ሴት ልጆች አስተምሬበታለሁ፣ ሆጤ ላይም ባለ አራት ክፍል ቤት ሠርቼበታለሁ። ዘሃራ ይህን ብትሰማ "እኔስ ውሃ ሳመላልስ፣ አናጢ ስቀልብ አላየኸኝም?" ማለቷ አይቀርም። ዘሃራ ባለቤቴ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ኖረናል። ያንን ቤት ከእሷ ላድን ብዬ ያደረግሁትን ነው የማጫውታችሁ። ጠላቴ እንዳይሰማ ብዬ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነበር፤ በኋላ ሳጣራ ከእኔ በፊት የሰማው እሱ ነው።

ነገሩን የጀመረው ይማም ነው። ይማም ኮምቦልቻ ውስጥ ብሎኬት የሚያመርት የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ከሚስቱ ጋር ተፋትቶ ነበርና ላጽናናው ወረድኩ። ፍርድ ቤቱ ቤቱን ተካፈሉ ብሏቸዋል፤ ገዢ ጠፋ፤ እሷም አልወጣም አለች፣ እሱም አልወጣም አለ። በመጨረሻ ሳሎኑን በቺፕውድ ለሁለት ገመሱት። ቴሌቪዥኑ ለእሱ ደረሰው፤ ሶኬቱ ለእሷ። ገመዱ በቺፕውዱ ሥር ሾልኮ ይሄዳል። ይማም ድምፁን ከፍ ካደረገ ሴትየዋ ትነቅለዋለች። ኳስ የሚያይ እንደሆነ ደግሞ ታግሣ ታግሣ፣ ልክ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ነው የምትነቅለው።

"ኳስ የማታውቅ ብትሆን እኮ ይሻለኝ ነበር" አለኝ ይማም በምሬት።

ከግድግዳው ወዲያ ሳል ተሰማ። ቀጥሎ "እንዴት ዋልክ? ዘሃራ አፊያ ናት?" የሚል የሴት ድምፅ መጣ።

"አልሃምዱሊላህ፣ አፊያ ናት" አልኩት ቺፕውዱን።

ይማም ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። "ከእኔ ተማር፣ ወንድሜ። ሰው ንብረቱን መሸሸግ ያለበት በሰላሙ ቀን ነው። ምልክቱን ልንገርህ፤ መጀመሪያ ይለሳለሳሉ። ቀጥሎ ወርቃቸውን ሸጠው ጥሬ ገንዘብ ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ ያለው ፍርድ ቤት ነው።"

መለሳለስ፣ ወርቅ፣ ፍርድ ቤት። እንደ ቁርአን ተማሪ እየደጋገምኩ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ሐረጎን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት ጥምዝምዝ ነውና ሰውን ያለ ፈቃዱ ያሳስባል። በመጀመሪያው ጥምዝ ላይ፣ ዘሃራ ስለ ፍቺ አንድም ቀን ተናግራ እንደማታውቅ አሰብኩ። ይህም በራሱ አጠራጠረኝ። በሁለተኛው ጥምዝ ላይ፣ ፍቺው ቢቀር ሞትስ አልኩ። እኔ ብሞት ዘሃራ ገና ደህና ናት፤ ጥርሷ አልረገፈ፣ ወገቧ አልጎበጠ። በሦስተኛው ጥምዝ ላይ፣ ሁልጊዜ የምትለው ትዝ አለኝ፤ "የደሴ ብርድ ጉልበቴን በላው፤ ደጋን ወርጄ ብኖር በተሻለኝ" ትላለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ አየር ጠባይ የምታወራ ይመስለኝ ነበር። ከኮምቦልቻ ወዲያ ባለችው በዚያች ሞቃት ከተማ፣ ደጋን፣ ማን አለ?

ደሴ እስክንደርስ በሐሳቤ የደጋኑ ሰውዬ ጺም አብቅሎ ነበር። የከብት ነጋዴ ነው። ረጅም ነው። ሲስቅ ቤት ያናጋል፤ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፌን ይረግጣል። በመስኮቱ በኩል ባለችው የእኔ ሶፋ ላይ ይንጋለልና ዘሃራን "ሻዩ ስኳር አነሰው" ይላታል። እሷም እኔን እንደምትለኝ "ስኳር በሽታ ነው" አትለውም፤ ትጨምርለታለች! ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ሰው ጠላሁት።

በማግሥቱ ፍርድ ቤት አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ ወጣት ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ።

"ቤቱ የተሠራው በትዳር ውስጥ ነው?" አለኝ።

"አዎ። ካርታው ግን በእኔ ስም ነው።"

"ካርታው በማንም ስም ቢሆን የጋራ ሀብት ነው። ግማሹ የባለቤትዎ ነው።"

"ለልጆቼ በስጦታ ባዛውረውስ?"

"ባለቤትዎ ከፈረሙ ይቻላል።"

"ሳታውቅ መፈረም ትችላለች?"

ጠበቃው መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። መነጽሩ ግን ንጹሕ ነበር። "የራስዎን ግማሽ ለልጆችዎ መናዘዝ ይችላሉ። ኑዛዜው በእርስዎና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ሁላችሁም ትፈርማላችሁ።"

"አራት? አራት ሰው ካወቀው ምኑን ሚስጥር ሆነ?"

"ኑዛዜ ነው እንጂ ሚስጥር ነው አላልኩዎትም።"

"እሺ ጻፍልኝ። ከእኔ በኋላ ሚስቴን የሚያገባው የደጋኑ ሰውዬ በቤቱ እንዳይኖር፣ ሶፋውም ላይ እንዳይቀመጥ የሚል ጨምርበት።"

"የሰውዬው ስም ማነው?"

"ገና አልደረስኩበትም።"

ይህ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም አለኝ። ቢሆንም ይጻፍልኝ አልኩ፤ ጻፈው።

ዋናው ጭንቅ ምስክር ማግኘት ሆነ። ከደሴ ሰው አይታሰብም። እኛ ሠፈር አንድ ነገር ለአንድ ሰው ከነገራችሁ፣ ነገሩ ሸዋ በር ደርሶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ወፍሮ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ብልሃት ፈጠርኩ፤ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች ከየአቅጣጫው ልሰብስብ አልኩ። ከገራዶ አንድ ሸህ መረጥኩ፤ የመስጊዳቸው በር በእኔ ጓጉንቸር ነው የሚዘጋው። ከቦሩ ሜዳ አንድ መሪጌታ መረጥኩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤትም እንደዚሁ ነው። ከሐይቅ አንድ ዓሣ ሻጭ፣ ከኮምቦልቻ ራሱ ይማም። ከደጋን ማንንም አልጠራሁም፤ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ዘሃራን "ዕቃ ላመጣ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ" አልኳትና በይማም ግማሽ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰብን። ሸሁ መጀመሪያ ዱአ አደረጉ፤ መሪጌታም አሜን አሉ። ጠበቃው ማንበብ ጀመረ። የቤቱ ግማሽ ለልጆቹ የሚለው ጋ ሲደርስ ሸሁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ድርሻውንማ አላህ ደልድሎ ጨርሶታል፤ አንተ ምን ቀረኝ ብለህ ነው?"

"ያው ለጥንቃቄ ነው፣ ሸሆቹ" አልኩ።

ጠበቃው ስለ ደጋኑ ሰውዬ ሲያነብ ከቺፕውዱ ጀርባ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። አምስተኛ ምስክር እንዳለን ያኔ ገባኝ።

አሁን ስሕተቴን ልንገራችሁ፤ ይህን ስሕተት የሌላ አገር ሰው አይሠራውም። በእኛ ዘንድ ጤነኛ ሰው አይናዘዝም። ኑዛዜ የሚባለው ሐኪም ተስፋ ከቆረጠ፣ ዘመድ አልጋውን ከከበበ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። እኔ ደግሞ በሁለት እግሬ ቆሜ "ምስክር ሁኑኝ" ብያለሁ። መሪጌታ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

"ልጄ፣ ሐኪሙ ምን አለህ?"

"ምንም" አልኩ። እውነቴን ነው። ግን ቺፕውዱን እያየሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር ያልኩት፤ እንዲያ ተብሎ የተነገረ "ምንም" ከማንኛውም በሽታ ይከፋል። መሪጌታ ዓይናቸውን ጠረጉ። የሐይቁ ዓሣ ሻጭ ፈርሞ ሲያበቃ ትከሻዬን ሳመኝ። ሁሉንም ስለ ኑዛዜው ለማንም ትንፍሽ እንዳይሉ አስማልኳቸው። ማሉ። መሐላቸውንም ጠበቁ፤ በዚህ አላማቸውም። ስለ ሕመሜ እንዳይናገሩ ግን ማን አስማላቸው?

ቅሬ የሚባለውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ደግሞ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ የሞተ የሚቀብር፣ የታመመ የሚጠይቅ ማኅበር። ሸሁ ለገራዶ ቅሬ ተናገሩ። መሪጌታ ለቦሩ ሜዳ ተናገሩ። ዓሣ ሻጩ ለሐይቅ ተናገረ። ሚስጥሬን በየአቅጣጫው የበተንኩ መስሎኝ በየማሳው ላይ ዘርቼው ኖሯል።

ቅዳሜ ጠዋት ከሱቅ በፊት ቁርሴን ልበላ ስቀመጥ በሩ ተንኳኳ። የገራዶ ሰዎች ነበሩ፤ ሰባት ናቸው፤ ማር ይዘዋል። "አላህ ያሽርህ" ብለው ዙሪያዬን ተቀመጡ። እነሱ ሳይነሡ የቦሩ ሜዳዎቹ መጡ፤ "እግዜር ይማርህ" አሉ። ከሐይቅ የመጡት ዓሣ ይዘው ነበር። ሁሉም እኔን ያዩና ዘሃራን ያያሉ፤ ከዚያ መሬት ያያሉ። በመጨረሻ የራሳችን ቅሬ ዳኛ አቶ ሙሄ መጡ። ግቢውን በእርምጃ ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት።

"አቶ ሙሄ፣ ምን እየለኩ ነው?" አልኳቸው።

"ኧረ ምንም! ድንኳኑ በየት በኩል ቢሆን… ለሠርግ ማለቴ ነው፤ ለልጆቹ ሠርግ" አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ከቦሩ ሜዳዎቹ ጋር የመጡት መሪጌታ ዘሃራን ጓሮ ወስደው ሲያናግሯት በመስኮት አየሁ። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። አልጠየቅኋትም። የሚጠይቅ ሰው መልስ ይሰጠዋል፤ መልስ ደግሞ ሊዋሽ ይችላል። እኔ ሁኔታዋን መከታተል መረጥኩ።

ዘሃራ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለወጠች። ወተት በማር ታቀርብልኛለች። ጋቢ ታለብሰኛለች። ሱቅ እንዳልሄድ ትለምነኛለች። ሻይ ላይ ስኳር ስጨምር ዝም ትላለች! አንድ ቀን ለፈተና "እናትሽ እኮ ወጥ ላይ አይሆንላቸውም ነበር" አልኳት። "ልክ ነህ" አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ልክ ሆኜ አላውቅም። የይማም የመጀመሪያው ምልክት ይኸው መጣ።

ከዚያ በኋላ የሚቀርብልኝን ሁሉ አስቀድሜ ለድመታችን ማቅመስ ጀመርኩ። ድመቷን ሰዓት ይዤ እጠብቃታለሁ። አልሞተችም፤ ወፈረች። እኔ ከሳሁ። ሠፈሩም "ያው በሽታው ነው" አለ።

አንድ ከሰዓት ጓሮ ሆና ስልክ ስታወራ ሰማኋት። "እሱ እንዳያውቅ" አለች። "ከሰማ ይከለክለኛል። እኔው ወርጄ እጨርሰዋለሁ።"

ወርጄ! ወደየት ነው የሚወረደው? ወደ ደጋን ነዋ።

ሰኞ ጠዋት "ኮምቦልቻ አራስ ልጠይቅ ነው፤ አንተ ከአልጋ እንዳትነሣ" ብላኝ ወጣች። በኋለኛው ሚኒባስ ተከተልኳት። ፊቴን በጋቢ ሸፍኜ ነበር፤ ግን ገና እግሬን ሳነሣ "ሱብሃነላህ! እንዲህ ታምመህ!" የሚል ድምፅ ተነሣ። ሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ከፊት ወንበር ላይ የነበረውን ሰው አስነሥተው እኔን አስቀመጡኝ፤ ሾፌሩም ጥምዙን ሁሉ ቀስ ብሎ ያዘልኝ። እንዲህ ሲንከባከቡኝ ሚስቴ እንዳታመልጠኝ ሰጋሁ።

አላመለጠችኝም። መናኸሪያው አካባቢ ነጠላዋን አይቼ ተከተልኳት። አራስ ቤት አልሄደችም። ደጋን የሚጭነው መኪና ጋም አልሄደችም። ወርቅ ቤት ገባች።

በመስታወቱ አየሁ። ከጉያዋ መሐረብ አወጣች፤ ከመሐረቡ የአንገት ወርቋን አወጣች። በኒካችን ቀን መህር፣ የብቻዋ የሙሽራ ስጦታ፣ ብዬ ያሰርኩላት ወርቅ ነው። ሁለተኛው ምልክት!

"ያዝኩሽ!" ብዬ ገባሁ።

ዘሃራ ዞረች። የደነገጠችው ስለተያዘች አልነበረም፤ እኔ በመቆሜ ነው። "የሀያት አባት! በዚህ ፀሐይ ማን ከአልጋ አስነሣህ?" አለች፤ በትልቋ ልጃችን ስም ነው የምትጠራኝ። ወደ ወርቅ ነጋዴውም ዞረች። "በአላህ ወንበር ስጠው።"

"ወርቁን ለምን ትሸጫለሽ?"

"ተቀመጥ መጀመሪያ።"

"ለምን ትሸጫለሽ አልኩ!"

"ለአዲስ አበባው ሐኪም ነዋ!" አለች። "ሀያት ቀጠሮ ይዛልሃለች። መሪጌታ ሁሉን ነግረውኛል። ለእኔ አዝነህ ደበቅከኝ፤ አውቄዋለሁ። ቤቱን ሸጬ ልታከም ትላለህ ብዬ ፈራሁ። ቤቱ አይሸጥም፤ የልጆቹ ነው። ይሄ ግን የብቻዬ ነው፤ ማንንም አላስፈቅድበትም።"

ተቀመጥኩ። ወንበሩ መቼ እንደመጣ አላውቅም። በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን አፍሬ አላውቅም።

"አልታመምኩም" አልኩ።

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ። ከሆዴ በቀር ምንም የለብኝም፤ እሱም ስለራበኝ ነው።"

ዘሃራ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና "አልሃምዱሊላህ" እያለች አለቀሰች። ወርቅ ነጋዴውም ገበያው ሊበላሽበት መሆኑን እያወቀ አልሃምዱሊላህ አለ። ለተወሰነ ጊዜ ሁላችንም ደስ አለን። እዚያ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ዘሃራ ግን እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና አየችኝ።

"ካልታመምክ መሪጌታ ምን ሆነው አለቀሱ?"

ነገርኳት። ከኪሴ ወረቀቱንም አወጣሁ፤ ቤት ውስጥ የማምነው ቦታ ስላልነበረኝ ከእኔው ጋር ነበር የሚዞረው።

ወርቅ ነጋዴው እያየን ቆይቶ "እትዬ፣ ወርቁን ልመልስልዎት?" አለ።

"አይ" አለች ዘሃራ። "መዝነው።"

ወደ ደሴ የሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከተማውን እንደለቀቅን "አንብብልኝ" አለች።

"እዚህ?"

"ለአራት ባዕድ ተነቦ የለ? ለእኔም ይነበብልኝ።"

አነበብኩ። ከፊት ያሉት ጨዋታቸውን አቆሙ፤ ሾፌሩ ራዲዮኑን ዘጋ። የቤቱን ግማሽ አልፌ ሶፋው ጋ ስደርስ እጇን አነሣች።

"ቆይ። ይሄ የደጋኑ ሰውዬ ማነው?"

"የለም" አልኩ።

"ከሌለ ለምን ጻፍከው?"

ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ "እኔ ደጋን ነው የምኖረው፤ ስሙን ንገሩኝና አፈላልጌ ልምጣ" አሉ።

ዘሃራ ሳቀች። "ከአንተ በኋላ ሌላ ባል? አንዱን መቼ ችዬ ጨረስኩት!" ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ምሕረት ያገኘሁ መስሎኝ ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ሐረጎን ስንጋመስ የእሷ ሳቅ ቆመ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ስንት ቀን እኮ ነው እንቅልፍ ያጣሁት" አለች ቀስ ብላ። "ይሞትብኛል እያልኩ።"

"አፉ በይኝ፣ ዘሃራ። አሁኑኑ ልቅደደው።"

"አትቅደደው። ስጠኝ።"

ሰጠኋት። ከወርቁ ገንዘብ ጋር በመሐረቡ ጠቅልላ ጉያዋ ከተተችው።

ይኸው ዓመት ሊሆነው ነው። ቤቱ አልተከፈለም፤ እኔም በሶፋዬ ላይ ነኝ። ዘሃራም ትስቃለች፣ ትቆጣለች፣ ስኳር በሽታ ነው ትለኛለች። ገንዘቡ የት እንዳለ አላውቅም፤ ወረቀቱም እንደዚያው። አንገቷ ግን ባዶ ነው። ለዒድ ሲሰባሰቡ ሴቶቹ "ወርቅሽን ምን በላው?" ይሏታል።

"ለባለቤቴ ሕክምና ሸጥኩት" ትላለች።

"ተሻለው ታዲያ?"

እኔ ወዳለሁበት ዞራ ታየኝና "ገና ነው" ትላቸዋለች።